ጠቅላይ ሚኒስትሩን ማን ይጠይቅ?

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ቀርበው መልስ በሚሰጡበት ዕለት በየካፌውና በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ቴሌቪዥን ከወትሮው የበለጠ ተመልካች ያገኛል። ከሰዓት በኋላ ወሬው ሁሉ ስለ መልሱ ነው። ስለ ኑሮ ውድነት ምን አሉ? ስለ ጸጥታው ምን አሉ? በማን ቀለዱ? ጥያቄውን ያነሳው ማን እንደነበረና ለጠየቀው ነገር በትክክል መልስ ማግኘቱን ግን ብዙ ሰው አያስታውስም።

ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ጥያቄው የሚቀርብበት ሥርዓትና የጠያቂዎቹ ቁጥር ተደምረው የፈጠሩት ነገር ነው። ሁለቱንም ተራ በተራ እንያቸው።

ሕገ መንግሥቱ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የመረጠው የመንግሥት አወቃቀር ፓርላሜንታዊ ነው። በዚህ ሥርዓት ሕዝቡ ጠቅላይ ሚኒስትሩን በቀጥታ አይመርጥም። ሕዝቡ የሚመርጠው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን ሲሆን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ከአባላቱ መካከል ነው። ስለዚህ ሥልጣን የሰጠው አካል ተጠሪነቱንም ይቀበላል። አንቀጽ 72 ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተጠሪ መሆናቸውን ይደነግጋል። አንቀጽ 74 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለተከናወኑ ሥራዎችና ስለ ዕቅዶች በየጊዜው ለምክር ቤቱ ሪፖርት እንዲያቀርቡ ያስገድዳል።

ለጠያቂዎቹ ዋናው መሣሪያ አንቀጽ 55 ነው። ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራትና የሥራ አስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። ንዑስ አንቀጽ 18 ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ፣ ለሥራ አስፈጻሚው በተሰጠ በማንኛውም ሥልጣን ላይ ምክር ቤቱ ይወያያል፤ አስፈላጊ መስሎ የታየውንም እርምጃ ሊወስድ ይችላል።

በወረቀት ላይ ይህ ትልቅ ሥልጣን ነው። ጥያቄው በተግባር ማን ሊጠቀምበት ይችላል የሚለው ነው።

የወንበር ሒሳብ

ምክር ቤቱ 547 መቀመጫዎች አሉት። የዚህ አንድ ሦስተኛ 183 ነው። ይህችን ቁጥር ይዘን ያለፉትን ምርጫዎች እንመልከት።

በ1997 ዓ.ም. ምርጫ፣ በይፋ በተገለጸው ውጤት መሠረት፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ የኦሮሞ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ 11 መቀመጫ አገኙ። በድምሩ 172 ይሆናሉ። ተቃዋሚዎች ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እስከ 2013 ዓ.ም. ምርጫ ድረስ ያን ያህል ወንበር አግኝተው አያውቁም፤ ሆኖም አንድ ሦስተኛ ለመሙላት 11 ጎድሏቸው ነበር። ሁሉም ተስማምተው ቢገቡ እንኳን ማለት ነው። እንደሚታወቀው ግን የቅንጅት ተመራጮች በመግባትና ባለመግባት ተከፋፈሉ፤ በርካታ አመራሮችም በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ታሰሩ።

ከምርጫው በኋላ፣ አዲሱ ምክር ቤት ከመግባቱ በፊት፣ የሥራ ዘመኑ እያበቃ የነበረው ምክር ቤት የአሠራር ደንቡን ቀየረ። ቀደም ሲል በ20 አባላት ድጋፍ አጀንዳ ማስያዝ ይቻል የነበረው ከግማሽ በላይ ድጋፍ እንዲፈልግ ተደረገ። ለውጡ ብዙ ወቀሳ አስከትሎ ደንቡ በ1998 ዓ.ም. እንደገና ተሻሽሎ ቢወጣም፣ ያስተላለፈው መልእክት ግን ግልጽ ነበር። አጀንዳ የያዘ ውይይቱን ይይዛል።

ያም ሆኖ ከ1998 እስከ 2002 ዓ.ም. የነበረው ምክር ቤት ሞቅ ያለ እንደነበረ ብዙዎች ያስታውሳሉ። አቶ ቡልቻ ደመቅሳ፣ ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ፣ አቶ ተመስገን ዘውዴና ሌሎችም አቶ መለስ ዜናዊን ፊት ለፊት ይሞግቱ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የሶማሊያ ጉዳይ ሲቀርብ፣ በ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት ሕጉ ሲጸድቅ የተቃውሞ ድምፅ በቃለ ጉባኤ ተመዝግቧል። ድምፁ ውጤቱን አልቀየረም። ተመልካቹ ግን ቢያንስ የክርክሩን ሁለቱንም ወገን ሰምቷል።

ከ2002 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ሥዕሉ ተገለበጠ። ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545 ወንበር ሲይዙ፣ የተቀሩት ሁለቱ የመድረኩ አቶ ግርማ ሰይፉና የግል ተወዳዳሪው ዶ/ር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ነበሩ። አቶ ግርማ ለአምስት ዓመታት ብቸኛው የተቃዋሚ ፓርቲ ተወካይ ሆነው፣ መጀመሪያ አቶ መለስን በኋላም አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝን ጠይቀዋል። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ያችም አንዲት ወንበር ጠፋች፤ 547ቱም በገዥው ግንባርና በአጋሮቹ ተያዙ።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የምርጫ ሥርዓቱ ነው። በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣ ብቻ ያልፋል። ሁለተኛ ለወጣው የተሰጠው ድምፅ፣ ምን ያህል ቢበዛ፣ ወደ ወንበር አይቀየርም። የፖለቲካ ምኅዳሩ መጥበብ ሲጨመርበት ደግሞ ውጤቱ ያየነው ይሆናል።

በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ብልጽግና ፓርቲ እጅግ ሰፊ አብላጫ ሲያገኝ፣ አብን 5፣ ኢዜማ 4 ወንበር ይዘው ገቡ። አዲስ ነገርም ታየ። የኢዜማው መሪ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የትምህርት ሚኒስትር፣ የአብኑ ሊቀመንበር ዶ/ር በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር ሆነው በ2014 ዓ.ም. መስከረም ተሾሙ። እርምጃው አብሮ ለመሥራት ያለውን ፍላጎት አሳይቷል በሚል የተደሰቱ ነበሩ። በሌላ በኩል ግን የተቃዋሚ መሪ ሚኒስትር ሲሆን ከጠያቂ ወደ ተጠያቂ ወንበር ይዛወራል። ባልደረቦቹም የራሳቸው መሪ የተቀመጠበትን ካቢኔ መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

ጥያቄው እንዴት ይቀርባል?

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት የሚቀርቡት በዓመት ለጥቂት ጊዜ ነው። አንደኛው በጥቅምት ወይም በኅዳር፣ የፕሬዚዳንቱን የመክፈቻ ንግግር አስመልክቶ በሚቀርበው የድጋፍ ሞሽን ላይ ነው። ሌሎቹ ከሪፖርትና ከዓመቱ በጀት ጋር የተያያዙ ናቸው።

አቀራረቡ የተለመደ ነው። አባላት ተራ በተራ ጥያቄያቸውን ያነባሉ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማስታወሻ ይይዛሉ። ጥያቄዎቹ ሁሉ ካለቁ በኋላ መልሱ በአንድነት ይሰጣል፤ ለሰዓታት ሊቆይም ይችላል። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። አሥርና ከዚያ በላይ ጥያቄ በአንድ ላይ የቀረበለት መላሽ የትኛውን በዝርዝር እንደሚመልስ፣ የትኛውን ነካ አድርጎ እንደሚያልፍ የሚወስነው ራሱ ነው። «ይህ የጠየቅሁት አይደለም» የሚል ተከታይ ጥያቄ ቦታ የለውም።

የእንግሊዞቹ ረቡዕ

በእንግሊዝ ፓርላማ በሥራ ወቅት ዘወትር ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለጥያቄ ይቆማሉ። ቋሚ ሰዓት የተያዘለት እ.ኤ.አ. በ1961 ሲሆን፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ15 ደቂቃ ይካሄድ የነበረው በ1997 ቶኒ ብሌር ሥልጣን ሲይዙ በአንድ ቀን የግማሽ ሰዓት ሆነ። የተቃዋሚው መሪ ስድስት ጥያቄ ይፈቀድለታል። ቁም ነገሩ ስድስት መሆኑ ሳይሆን አንድ በአንድ መሆኑ ነው። ጠይቆ ይቀመጣል፣ መልስ ይሰማል፣ መልሱን ይዞ እንደገና ይነሳል። በዚያ ላይ የተቃዋሚው መሪነት ከ1937 ጀምሮ በሕግ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው። መንግሥትን መጠየቅ ጠላትነት ሳይሆን የመንግሥት ሥራ አንዱ አካል ተደርጎ ይቆጠራል።

የእንግሊዞቹ ረቡዕ ጩኸትና ፉገራ ይበዛበታል ብለው የሚተቹ እዚያም አሉ። ትክክል ናቸው። ነገር ግን ተከታይ ጥያቄን ከውጭ የምንኮርጀው አድርጎ ማየት አያስፈልግም። አያቶቻችን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በትራቸውን ይዘው በዛፍ ጥላ ሥር «በላ ልበልሃ» ሲሉ፣ «ተጠየቅ» ሲባባሉ ያደርጉት የነበረው ይኸንኑ ነው። ከሳሽ ይጠይቃል፣ ተከሳሽ ይመልሳል፣ ከሳሽ መልሱን ይዞ እንደገና ያጠብቀዋል። ጥያቄውን ዘልሎ ሌላ ያወራ መላሽ በአደባባይ ይታወቅበታል።

የጠያቂው ዋስትና

ጠያቂ የሚደፍረው ዋስትና ሲኖረው ነው። አንቀጽ 54 አንድ የምክር ቤት አባል ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው መሆኑን ይገልጻል። በምክር ቤቱ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም፤ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀርም ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም።

የዚህ ድንጋጌ ጥንካሬ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ተፈትኗል። የአብን ተመራጭና የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት አቶ ክርስቲያን ታደለ፣ የአማራ ክልል ግጭት በተባባሰበት ወቅት ታሰሩ። ምክር ቤቱ ያለመከሰስ መብታቸውን ያነሳው በ2016 ዓ.ም. ነው፤ በሽብር ወንጀልም ተከሰዋል። በክሱ ይዘት ላይ መፍረድ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። የቅደም ተከተሉ ጉዳይ ግን የምክር ቤቱ ነው። መጀመሪያ እስር፣ በኋላ ፈቃድ ከሆነ፣ ነገ የሚጠይቀው አባል ከመጠየቁ በፊት ደጋግሞ ማሰቡ አይቀርም።

ምን ይሻላል?

አብዛኛውን የሚያስተካክለው የአሠራር ደንብ ነው። ሕገ መንግሥት ማሻሻል አይጠይቅም። ጥያቄዎች በርዕስ ተከፍለው እያንዳንዱ በተራው ቢመለስ፣ ለጠያቂው አንድ ተከታይ ጥያቄ ቢፈቀድለት፣ የመቅረቢያው ቀንም ቋሚ ቢሆን ብዙ ነገር ይለወጣል። የገዥው ፓርቲ አባላትም ቢሆኑ ከመረጣቸው ሕዝብ ውኃ፣ መንገድና ማዳበሪያ የሚጠየቁ ናቸውና ከዚህ ይጠቀማሉ።

ጠንካራ ጥያቄ የሚጠቅመው ተቃዋሚውን ብቻ አይደለም። በምክር ቤት ያልተጠየቀ ጉዳይ አይጠፋም። መልኩን ቀይሮ በሌላ ቦታ ይነሳል፤ እኛም ያንን በተደጋጋሚ ከፍለንበታል። ለዚህ ነው በሚቀጥለው ጊዜ ቴሌቪዥኑ ፊት ስንቀመጥ ከመልሱ ይልቅ ጥያቄውን በወረቀት መያዝ የሚበጀን። መልሱ ሲያበቃ የጻፍነውን እናነጻጽር፤ የተዘለለው የትኛው እንደሆነ ያኔ ይገባናል።