350 ዋትን እንደገና መሥራት

35 ዋት የሚያወጣ አምፕሊፋየር ነቅለን በቦታው 350 ዋት የሚያወጣ ብንተክል ድምፁ ዐሥር እጥፍ አይጨምርም። የኃይል ዐሥር እጥፍ 10 ዴሲቤል ነው፤ ይህም ለአብዛኛው ሰው ጆሮ «በእጥፍ ያህል ጮኸ» ከሚባል አያልፍም። ለሰርግ ሞንታርቦ የሚያከራይ ሰው ይህን ቢሰማ ላያምን ይችላል፤ ሒሳቡ ግን አይለወጥም። ስለዚህ ለአንድ የሳሎን ስፒከር 350 ዋት መመደብ ሲታይ ብክነት ይመስላል።

ቦብ ካርቨር ግን እንዲህ አላሰበም። በ1970 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ፣ በዋሽንግተን ግዛት፣ ፌዝ ሊኒየር የተባለ ኩባንያ ከአጋሩ ጋር አቋቋመ። ስም ያወጣለት ማሽን ፌዝ ሊኒየር 700 ነው፤ በ8 ኦም ስፒከር ላይ ለእያንዳንዱ ቻናል 350 ዋት ይሰጣል። በ1967 የወጣውና በጉልበቱ የተደነቀው ክራውን ዲሲ-300 እንኳ ለአንድ ቻናል 150 ዋት ነበር።

የካርቨር ክርክር ከሙዚቃው ጠባይ የሚነሣ ነው። ሙዚቃ እንደ ፋብሪካ ጩኸት አንድ ወጥ አይደለም። ከበሮ ሲመታ ወይም የፒያኖ ቁልፍ በኃይል ሲወርድ የሚፈጠረው ቅጽበታዊ ጫፍ፣ በደንብ በተቀረጸ ሥራ ውስጥ፣ ከአማካዩ በ20 ዴሲቤል ሊበልጥ ይችላል። 20 ዴሲቤል ማለት የኃይል መቶ እጥፍ ነው። አማካይ ድምፃችን 3.5 ዋት ብቻ ቢፈልግ፣ ያቺ የሰከንድ ሽራፊ 350 ዋት ትጠይቃለች። አምፕሊፋየሩ ከሌለው የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠ ሞገድ ደግሞ በዋናው ቅጂ ላይ ያልነበሩ ሻካራ ድምፆችን ይወልዳል። በዚያ ላይ የዚያ ዘመን ተወዳጅ የሆኑት የታሸገ ሣጥን ስፒከሮች ኃይል በላተኞች ነበሩ፤ ትንሽ ሆነው ጥልቅ ባስ የሚሰጡት ብዙ ዋት እየዋጡ ነው።

ዛሬ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ እንዲህ ያሉትን ማሽኖች በትርፍ ጊዜያቸው ከባዶ ሣጥን ተነሥተው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። የሰርኪዩቱ ሥዕል በእጃቸው ነው። ሥዕሉ ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ሥዕሉን የሣለው መሐንዲስ በዘመኑ ያገኛቸው ዕቃዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ከገበያ ጠፍተዋል። አንድን መስመር ከመገልበጥ በፊት ለምን እንዲያ እንደተሣለ ማወቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከቮልቴጁ እንጀምር። 350 ዋት በ8 ኦም ላይ ለማውጣት የሞገዱ ጫፍ ወደ 75 ቮልት፣ ጅረቱም ከ9 አምፔር በላይ መድረስ አለበት። ለኪሳራውና ለቮልቴጁ መውረድ መጠባበቂያ ሲጨመር፣ ማሽኑ ወደ 100 ቮልት ፖዘቲቭና 100 ቮልት ኔጌቲቭ ይፈልጋል። አንደኛው ወገን ሙሉ በሙሉ ሲሠራ፣ በዚያኛው ወገን ያለው ሥራ ፈት ትራንዚስተር ወደ 200 ቮልት የሚጠጋ ጫና ይሸከማል። በ1960ዎቹ መጨረሻ የድምፅ ሠሪዎች የዘወትር ትራንዚስተር የነበረው 2ኤን3055 የሚችለው 60 ቮልት ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚችሉ የሲሊከን ትራንዚስተሮች ይሠሩ የነበሩት በዋናነት ለቴሌቪዥን ሥዕል ማንቀሳቀሻና ለመኪና ሞተር ማቀጣጠያ ነበር። የድምፅ መሐንዲሶች ከዚያ መንደር ተዋሱ።

የተዋሱትም አንድ ወገን ብቻ ነው። ትራንዚስተር ኤንፒኤንና ፒኤንፒ የተባሉ ሁለት ተቃራኒ ዓይነቶች አሉት፤ ሞገዱን ወደ ላይ የሚገፋና ወደ ታች የሚስብ ጥንድ ለመሥራት ሁለቱም ቢኖሩ ይመረጣል። በዚያ ዘመን ግን ጉልበተኛ የሲሊከን ፒኤንፒ ብርቅና ውድ ነበር። ስለዚህ በ1956 ሁንግ ቻንግ ሊን ያቀረበውን ዘዴ ተጠቀሙ፤ ሁለቱንም ወገን በኤንፒኤን ሞልተው፣ የታችኛው ወገን በአንድ ትንሽ ፒኤንፒ እየተመራ ተቃራኒውን እንዲመስል አደረጉት። የድሮ ሥዕሎች የላይኛውና የታችኛው ወገን የማይመሳሰሉት በዚህ ምክንያት እንጂ በሠሪው ምርጫ አይደለም።

ዛሬ እንደ ኤምጄ15024 ያለ 250 ቮልትና 250 ዋት የሚችል ኤንፒኤን፣ ከነተቃራኒው ከኤምጄ15025 ጋር ይገኛል። ታዲያ ችግሩ አለቀ? «250 ዋት» የሚለው ቁጥር ሁሉንም አይናገርም። ይህ ትራንዚስተር በ50 ቮልት ላይ 5 አምፔር ይችላል፤ ይህ በእርግጥ 250 ዋት ነው። በ80 ቮልት ላይ ግን የሚፈቀድለት 2 አምፔር ብቻ ነው፤ 160 ዋት። ምክንያቱ ያለው በሲሊከኑ ገጽ ላይ ነው። ቮልቴጁ ሲበዛ ጅረቱ በሙሉ ገጹ ላይ መሰራጨቱን ትቶ አንድ ነጥብ ላይ ይሰበሰባል፤ ያ ነጥብ ሲሞቅ የበለጠ ጅረት ይስባል፤ የበለጠ ጅረት የበለጠ ያሞቀዋል። ግድብ ላይ የተገኘች ቀዳዳ በሚፈስባት ውኃ ራሷን እንደምታሰፋው ነው። ትራንዚስተሩ ከውጭ ሲነካ ገና ለብ ያለ ሳለ ውስጡ ቀልጦ ሊያልቅ ይችላል። ለዚህ ነው ብዙ ትራንዚስተሮች ጎን ለጎን ተሰልፈው የሚሠሩት፤ ለእያንዳንዳቸውም ጭነቱን እኩል እንዲካፈሉ ከአንድ ኦም ያነሰች ሬዚስተር ትሰጣለች። ካታሎግ ላይ ያለውን አንዱን ትልቅ ቁጥር አይቶ የሰልፉን ብዛት የሚቀንስ ሰው ገንዘቡን እዚያ አያተርፍም።

አዲስ ዕቃ ሌላም ጣጣ ያመጣል፤ ፍጥነት። የድሮው 2ኤን3055 በሜጋኸርዝ ሲለካ 0.8 ገደማ ነበር፤ ኤምጄ15024 ደግሞ 4 ነው። አምፕሊፋየር የራሱን ውጤት ከመግቢያው ጋር እያነጻጸረ ስሕተቱን ያርማል። እርማቱ ዘግይቶ ሲደርስ ሰርኪዩቱን እንዳያናውጠው በጥቂት ፒኮፋራድ ካፓሲተሮች ይስተካከላል፤ እነዚያ ካፓሲተሮች የተሰሉት ለዘገምተኞቹ ትራንዚስተሮች ነበር። ፈጣን ሲተካባቸው ሰርኪዩቱ ጆሮ በማይሰማው ፍሪኩዌንሲ ራሱን በራሱ ማንቀጥቀጥ ሊጀምር ይችላል። ድምፅ የለም፤ ሙቀት ግን አለ፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከርም ዝም ብሎ ይቃጠላል። ያለ ኦሲሎስኮፕ ይህን ማየት አይቻልም። በእኔ አስተያየት ኦሲሎስኮፕ የሌለው ሰው ከዚህ ፕሮጀክት በፊት በ20 ዋት ቢጀምር ይሻለዋል።

የትራንስፎርመሩ ነገር በተለይ እኛን ይመለከታል። የአሜሪካው ማሽን ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ያለው ሰው ቮልቴጁን በስቴፕ ዳውን አውርዶ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ ፍሪኩዌንሲው ግን አልወረደም፣ አልወጣም። በብረቱ ውስጥ የሚመላለሰው ማግኔታዊ ፍሰት የሚወሰነው ቮልቴጁ ለፍሪኩዌንሲው ሲካፈል ነው። በተመሳሳይ 120 ቮልት፣ ከ60 ወደ 50 ሲወረድ ፍሰቱ በ20 በመቶ ያድጋል። ቆጣቢ ነጋዴ ብረቱን ለ60 ብቻ እንዲበቃ አድርጎ ከሠራው ትራንስፎርመሩ ያጉረመርማል፣ ይሞቃል። ከባዶ ለሚሠራ ሰው መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሽቦ ለሚጠመጥም ባለሙያ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ በውጤቱ በኩል ሁለት ጊዜ 71 ቮልት ብሎ ማዘዝ። 71 በ1.41 ሲባዛ 100 ይመጣል። መብራታችን አንዳንዴ ወደ 240 ስለሚወጣ ያ 100 ወደ 109 ይሄዳል፤ ልክ 100 ቮልት የተጻፈባቸውን ካፓሲተሮች መግዛት እዚህ ላይ አይመከርም፤ 160ዎቹ ይሻላሉ።

ስለ ሙቀት የሚነገረው ግምት ከእውነቱ ጋር ብዙ ጊዜ አይገናኝም። በ100 ቮልት የሚሠራ ቻናል 350 ዋት ሲያወጣ 245 ዋት ያህል ወደ ሙቀት ይለውጣል። ኃይሉን ወደ ሲሶው፣ ወደ 117 ዋት፣ ብንቀንሰው ሙቀቱ ወደ ሲሶው አይወርድም፤ 227 ዋት ሆኖ ይቆያል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1974 ባወጣው ደንብ አምፕሊፋየር ከመለካቱ በፊት በሲሶ ኃይሉ ለአንድ ሰዓት እንዲሠራ ማዘዙ ፋብሪካዎችን ያስጨነቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ የአሉሚኒየሙ ማቀዝቀዣ ስስ ከሆነ እዚያው ይጋለጣል። ደንቡ የወጣው የዋት ቁጥር ማጋነን ስለበዛ ነበር። ዛሬም በየሱቁ «5000 ዋት ፒኤምፒኦ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ትንንሽ ሣጥኖች አሉ። ኋላቸውን ገልብጦ ፊውዙን ማየት ነው፤ 2 አምፔር በ220 ቮልት 440 ዋት ነው፤ ከዚያ በላይ ለረጅም ጊዜ የሚገባ ነገር ከሌለ የሚወጣም የለም።

የመጀመሪያው ማብራት ያለ ስፒከር፣ ከአንድ የድሮ 100 ዋት አምፖል ጋር በተከታታይ ተያይዞ ይደረጋል። አምፖሉ ቀዝቃዛ ሳለ ሬዚስታንሱ ትንሽ ነው፤ ሲጋል ወደ 484 ኦም ይደርሳል። ሰርኪዩቱ ጤነኛ ከሆነ ካፓሲተሮቹ ሲሞሉ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይደበዝዛል። ሾርት ካለ ሙሉ በሙሉ ይበራል፤ ውድ ትራንዚስተሮች የሚከፍሉትን ዕዳ አምፖሉ ይከፍላል። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ ሥራ አይሆንም። ማሽኑ ከጠፋ በኋላም ቢሆን እጅ ማስገባት አይገባም፤ በ100 ቮልት የተሞላ 10,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር 50 ጁል ይይዛል፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ደግሞ 200 ቮልት ነው። በሬዚስተር ሳይራገፉ፣ በሜትርም ዜሮ ሳይነበብ፣ አይነኩም።

ከዋናው ሥዕል መለየት ያለብን የሚመስለኝ ቦታ የስፒከሩ ጥበቃ ነው። የውጤት ትራንዚስተር ሲሞት ብዙ ጊዜ ሾርት ሆኖ ነው፤ ያን ጊዜ 100 ቮልት ቀጥታ ወደ ስፒከሩ ይሄዳል። የ8 ኦም ስፒከር ሽቦ በቀጥታ ጅረት ሲለካ 6 ኦም ገደማ ስለሆነ ከ1,600 ዋት በላይ ይወርድበታል። ብዙ የድሮ ማሽኖች በፊውዝ ብቻ ይተማመኑ ነበር። ዛሬ ሪሌይ የሚጨምሩ አሉ፤ ነገር ግን ተራ ሪሌይ የሚችለው 30 ቮልት ቀጥታ ጅረት ነው። በ100 ቮልት መጋጠሚያዎቹ ሲለያዩ በመካከላቸው የተነሣው ብልጭታ አይጠፋም፤ ሪሌዩ «ከፍቻለሁ» ብሎ ጅረቱ ማለፉን ይቀጥላል። መድኃኒቱ በሪሌይ ፈንታ የሞስፌት መቀያየሪያ ማድረግ ነው።

ሁሉም ተሠርቶ ካለቀ፣ ቅጂው ዋናውን መሆኑን በምን እናውቃለን? እዚህ ላይ ካርቨር ራሱ ይመለሳል። በ1985 ስቴሪዮፋይል ከተባለው መጽሔት ጋር ተወራርዶ፣ በሆቴል ክፍል ተቀምጦ፣ የራሱን ርካሽ የትራንዚስተር አምፕሊፋየር እንደ አንድ ውድ የቫልቭ አምፕሊፋየር እንዲጮኽ አደረገው። መንገዱ መቀነስ ነበር፤ ለሁለቱ ማሽኖች አንድ ዓይነት ሙዚቃ ይሰጣል፣ ድምፃቸው እኩል ይደረጋል፣ ከዚያ አንድ ስፒከር በሁለቱ ፖዘቲቭ ውጤቶች መካከል ይታሰራል። ሁለቱ ፍጹም አንድ ከሆኑ ስፒከሩ ዝም ይላል፤ የሚሰማው ልዩነታቸው ብቻ ነው። ካርቨር ልዩነቱን በ70 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አደረገው፤ በቮልቴጅ ከ3,000 አንድ ያህል ማለት ነው። የመጽሔቱ ሰዎች ሲያዳምጡ ሁለቱን መለየት አቃታቸው። አንድም የቫልቭ ዕቃ አልገባበትም።

ይህን ሙከራ ማንም ቤቱ ሊሠራው ይችላል፤ የሁለቱ ማሽኖች መሬት የጋራ ከሆነ፣ ድምፁም ዝቅ ብሎ ከተጀመረ። ዋናው ማሽን የሌለው ሰው የራሱን ግራና ቀኝ ቻናል እርስ በርስ ይቀንሳቸዋል። የሚቀረው ድምፅ የ100 ኸርዝ ጉርምርምታ ከሆነ የአንደኛው ቻናል የመሬት ሽቦ የካፓሲተሮቹ መሙያ ጅረት በሚያልፍበት ቦታ ላይ ታስሯል። ቀጭኑ ድምፅ ብቻ ከቀረ ከትንንሾቹ ካፓሲተሮች አንዱ ከጓደኛው ይለያል።