ስለ ጽልመታዊ ልብ ወለድ ስያሜዎች

ስለ ወንጀል፣ ስለ ሰቀቀንና ስለ ምትሃት የሚተርኩ ልብ ወለዶች በአማርኛ በምን ስም ይጠሩ የሚለው ጥያቄ ተርጓሚውን፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛውንና የሥነ ጽሑፍ መምህሩን እኩል የሚያስቸግር ነው። አንዱ «አስፈሪ» ያለውን መጽሐፍ ሌላው «አሠቃቂ»፣ ሦስተኛው ደግሞ «ልብ አንጠልጣይ» ይለዋል። አንባቢውም የሚፈልገውን መጽሐፍ በስሙ ሊለይ አይችልም። በዚህ ጽሑፍ ችግሩ ከምን እንደሚመነጭ ከመረመርን በኋላ የምንመርጣቸውን ቃላት ከነምክንያታቸው እናቀርባለን።

በመሠረቱ «ልብ ወለድ» የሚለው ቃል ራሱ ጥሩ አርአያ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ላሳተሙት መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ርእስ ሰጥተውት ነበር። ሁለት የታወቁ የአገር ቃላት ተጋጥመው፣ ታሪኩ ከደራሲው ልብ የተወለደ መሆኑን ያለ ማብራሪያ ስላስረዱ፣ ቃሉ ጸንቶ ቆየ። እንግዲህ አንድ ስያሜ ይጸና ዘንድ ፅንሰ ሐሳቡን መግለጽ ይኖርበታል።

ሌሎች ቋንቋዎች ግን በዚህ ረገድ የሰጧቸው ስሞች አብዛኛውን ጊዜ የአጋጣሚ ውጤቶች ናቸው። ጣሊያኖች የወንጀል ልብ ወለድን «ጃሎ»፣ ማለትም «ቢጫ» ይሉታል፤ ምክንያቱም ሞንዳዶሪ የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ እነዚህን መጻሕፍት በቢጫ ሽፋን ያወጣ ስለ ነበረ ነው። በፈረንሳይ ጋሊማር እ.ኤ.አ. በ1945 «ሴሪ ኗር»፣ ማለትም «ጥቁር ተከታታይ» የተባለውን ስብስብ ማሳተም ሲጀምር፣ «ጥቁር» የሚለው ቅጽል ለልብ ወለዱ መታወቂያነቱ ይበልጥ ጸና። «ጎቲክ» የሚለውም መነሻው የአንድ ጥንታዊ ሕዝብ ስም ሲሆን፣ በኋላ የመካከለኛው ዘመን ሕንጻዎች መጠሪያ ሆኖ፣ ሆራስ ዎልፖል እ.ኤ.አ. በ1764 ካሳተመው የኦትራንቶ ግንብ ታሪክ ወዲህ ወደ ልብ ወለድ ተሻገረ። እነዚህን ስሞች ቃል በቃል ብንመልሳቸው ፅንሰ ሐሳቡ ይቀርና አጋጣሚው ብቻ ይመጣል። «ቢጫ ልብ ወለድ» ለአማርኛ አንባቢ ምንም አይነግረውም፤ «ጥቁር ልብ ወለድ» ደግሞ የጥቁር ሕዝቦችን ሥነ ጽሑፍ የሚመለከት ይመስለዋል።

ሌላው የችግሩ ምንጭ፣ ሦስቱ የልብ ወለድ ዘውጎች በአንድ ሚዛን የማይመዘኑ መሆናቸው ነው። የመጀመሪያው የሚለየው በሚተርከው ጉዳይ፣ ይኸውም በወንጀል ነው። ሁለተኛው በአንባቢው ላይ በሚያሳድረው ስሜት ይለያል። ሦስተኛውን የሚለየው ታሪኩ የሚፈጸምበት ዓለም ሕግ ነው። ስለዚህ አንድ ድርሰት የሦስቱም ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን ለየብቻ እንመልከት።

የመጀመሪያውን «የወንጀል ልብ ወለድ» ማለት ይበቃል። ከእርሱ ሥር የሚውለውንና ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1841 ባሳተመው የሩ ሞርግ ግድያ ታሪክ መልክ የሰጠውን ዓይነት «የምርመራ ልብ ወለድ» እንለዋለን። ለዚህ «አውጫጭኝ» የሚለውን ነባር ቃል ለማዋል የሚታሰብበት ምክንያት አለ። ቀድሞ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ አድራጊው እስኪታወቅ የሚጠየቅበት ሥርዓት አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይባል ነበርና። ሆኖም በአውጫጭኝ እውነቱን የሚያወጣው የማኅበረሰቡ ሸንጎ ሲሆን፣ በፖ ታሪክ ግን የሚያወጣው አንድ ሰው ብቻውን በማመዛዘን ነው። ልዩነቱ መሠረታዊ ስለሆነ ቃሉን ለነባር ፍቺው መተው ይሻላል።

ሁለተኛው ዘውግ ብዙ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እንግሊዛዊቷ ደራሲ አን ራድክሊፍ፣ ከሞተች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1826 በታተመ ጽሑፏ፣ ሁለት ስሜቶችን ለይታ ነበር፤ አንደኛው ገና ያልታየውን ክፉ ነገር ስንጠብቅ መንፈሳችንን የሚያነቃው፣ ሌላው ክፉውን ነገር ፊት ለፊት ስናይ የሚያደነዝዘን ነው። አማርኛ ይህን ልዩነት ለመግለጽ አይቸገርም፤ ለመጀመሪያው «ሰቀቀን»፣ ለሁለተኛው «ዘግናኝ» የሚለው ቃል ይስማማል።

«ሽብር» የሚለውን ቃል ግን ለዚህ ዘውግ ማዋል ፈጽሞ አይገባም። ቃሉ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከተፈጸመው ቀይ ሽብር በኋላ ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆች የሐዘን ቃል ሆኗል፤ በሕግ ቋንቋም የወንጀል ስም ነው። ይህን ቃል በመዝናኛ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ማኖር ትክክለኛ ስያሜ አይሆንም፤ የብዙ ቤተሰብን ቁስልም ይነካል። «አስፈሪ» የሚለውም አያረካም፤ ፍርሃት በአማርኛ አክብሮትንም ይጨምራልና። «ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው» ስንል ሰውየውን ማመስገናችን ነው። «ልብ አንጠልጣይ»ም የአተራረክ ስልት ነው እንጂ ዘውግ አይደለም፤ የፍቅር ታሪክም ልብ ሊያንጠለጥል ይችላል።

ከዚህ ላይ የሰዋስው ነጥብ ማንሣት ያስፈልጋል። «ዘግናኝ ልብ ወለድ» ቢባል ሰሚው መጽሐፉ የተነቀፈ ሊመስለው ይችላል፤ እንዲህ ያለው ቅጽል ዘውጉን ከመለየት ይልቅ ሥራውን ይመዝናልና። «የ» የተጨመረበት ስም ግን ዘውጉን ብቻ ያሳያል። «የፍቅር»፣ «የታሪክ»፣ «የስለላ» ልብ ወለድ የምንለው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ «የሰቀቀን ልብ ወለድ» የሚለውን እንመርጣለን።

ለሦስተኛው ዘውግ «ምናባዊ» የሚለው ቃል አይበቃም፤ ልብ ወለድ ሁሉ ከምናብ የሚወጣ ነውና። «ምትሃት» ግን ከግእዝ የወረስነው፣ በዓይን ታይቶ በእጅ የማይጨበጠውን የሚያመለክት ቃል ስለሆነ «የምትሃት ልብ ወለድ» ማለት ይስማማል። ይህ ከተረት ይለያል። ጭራቅ ወይም የሚናገር ጅብ በተረት ውስጥ ቢመጣ ሰሚው «እንዴት ይሆናል?» ብሎ አይጠይቅም። ጸቬታን ቶዶሮቭ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ ወሳኙ ነገር አንባቢው በተፈጥሮ ሕግና ከተፈጥሮ ውጭ በሆነው ሕግ መካከል መዋለሉ ነው። አርተር ኮናን ዶይል የባስከርቪሎቹን ውሻ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1902 በመጽሐፍ ሲያወጣ፣ እሳት የሚተፋ የሚመስለው ውሻ ፎስፈረስ የተቀባ ተራ ውሻ ሆኖ ተገኘ። የዓለሙ ሕግ ስላልተሻረ ታሪኩ የምርመራና የሰቀቀን ልብ ወለድ ነው፤ የምትሃት አይደለም።

ሦስቱን በአንድነት የሚሸፍነው ስም የአራተኛ ዘውግ ስም መሆን የለበትም፤ የሚገልጸው ሁሉም የሚጋሩትን ድባብ ነውና። በዚህም ምክንያት «የ» ሳይጨመርበት በቅጽል መልክ «ጽልመታዊ ልብ ወለድ» እንዲባል እናመለክታለን። «ጨለማ ልብ ወለድ» ቢባል ግን ትርጉሙ ግልጽ ያልሆነ ድርሰት ሊመስል ይችላል።

የቃላቱን ብቃት በአንድ ሥራ እንፈትን። ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ያሳተመው ድራኩላ በማስታወሻዎች፣ በደብዳቤዎችና በመሳሰሉት ጽሑፎች የተዋቀረ ነው፤ ተሳዳጁን ጭራቅ የሚያድኑት ሰዎች እንደ መርማሪ ማስረጃ ያሰባስባሉ፤ አንባቢው ይሳቀቃል፤ ደም መጣጩም በሰው ተፈጥሮ ሕግ አይገዛም። እንግዲህ የመዝገብ ካርዱ «ጽልመታዊ፤ የሰቀቀንና የምትሃት ልብ ወለድ» ሲል ምርመራው ለታሪኩ መንገድ እንጂ መለያው አለመሆኑን ያሳያል። ከዚህ የተሻለ ቃል ያለው አንባቢ ቃሉን በእነዚሁ ሦስት ሚዛኖች፣ በጉዳዩ፣ በስሜቱና በዓለሙ ሕግ፣ መዝኖ እንዲያቀርብ እንጠይቃለን።