በእንግሊዝኛ የንግድ ደብዳቤ ውስጥ ትንንሾቹ ቃላት

ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፈው መሣሪያ ነው። ዛሬም በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከሳሪስና ከጎፋ እስከ ለቡ ካሉት የንግድ ቤቶች ወደ ውጭ አገር ደንበኛ የሚላከው ደብዳቤ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ነው። ጸሐፊው ግሡን ደኅና አድርጎ ያውቃል፤ ከግሡ ቀጥሎ የሚመጣውን መስተዋድድ ግን ከአማርኛው እየመለሰ ይጽፋል። ጉዳቱም የሚመጣው ከዚህ ነው።

ለምሳሌ ያህል «ሺፕ» የሚለው ግሥ ጫነ ወይም ላከ ማለት ነው። አማርኛ «ዕቃው እስከ ጁን 30 ይጫናል» ሲል አንድ «እስከ» ይበቃዋል። እንግሊዝኛ ግን ይለያል። «ሺፕ ባይ ጁን 30» ቢባል ጭነቱ ከዚያ ቀን ሳያልፍ ይፈጸማል ማለት ነው። «ሺፕ አንቲል ጁን 30» ቢባል ግን መጫኑ እስከዚያ ቀን ድረስ ይቀጥላል ማለት ስለሚሆን፣ ገዢው ዕቃው ተከፋፍሎ የሚመጣ ሊመስለው ይችላል።

ነገሩ ኤልሲ ወደሚባለው የባንክ መተማመኛ ሰነድ ሲገባ ደግሞ ደንብ አለው። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ያወጣውና ከሰኔ 24 ቀን 1999 ዓ. ም. ጀምሮ የሚሠራበት ዩሲፒ 600 የተባለው ደንብ በ3ኛው አንቀጽ ወስኖታል። ስለ መጫኛ ጊዜ ሲነገር «ቱ»፣ «አንቲል»፣ «ቲል»፣ «ፍሮም» እና «ቢትዊን» የተጠቀሰውን ቀን ይጨምራሉ፤ «ቢፎር» እና «አፍተር» ግን ያስወጡታል። እንግዲህ «ቢፎር ጁን 30» የተባለ ቡና የመጨረሻ የመጫኛ ቀኑ ጁን 29 ነው። በጂቡቲ በ30 መርከብ ላይ የወጣ እንደ ሆነ ባንኩ ሰነዱን አልቀበልም ለማለት ይችላል። «ኦን ኦር አባውት» ሲባል ከተጠቀሰው ቀን 5 ቀን አስቀድሞ ጀምሮ እስከ 5 ቀን በኋላ ድረስ፣ ሁለቱም ዳርቻ ተቈጥሮ ይፈቀዳል። ይኸው «ፍሮም» የመክፈያ ቀን ለመቍጠር ሲገባ ግን ቀኑን አይጨምርም፤ ከጁን 10 አንሥቶ በ30 ቀን የሚከፈል ሒሳብ ጁላይ 10 ይውላል።

«አግሪ» የሚለውም ግሥ እንዲሁ ነው። ከሰው ጋር ሲስማሙ «ዊዝ»፣ የቀረበን ሐሳብ ሲቀበሉ «ቱ»፣ ሁለት ወገኖች ዋጋ ሲቈርጡ «ኦን» ይከተለዋል። «አግሪ ዊዝ ዘ ፕራይስ» ብሎ የጻፈ ነጋዴ፣ ዋጋው ተገቢ ነው አለ እንጂ ተቀበልሁ አላለም ተብሎ ሊከራከሩት ይችላሉ።

ስለዚህ ለአስመጪውም ለላኪውም የሚበጀው የመጨረሻውን ቀን «ኖት ሌተር ዛን» ብሎ መጻፍ፣ የአውሮፓውን ወር በስሙ መጥራት፣ ኤልሲው እንደ ደረሰም መስተዋድዱን ከውሉ ጋር ማመሳከር ነው። ስሕተት የተገኘ እንደ ሆነ ማሻሻያው መጠየቅ ያለበት ዕቃው ከመጋዘን ሳይወጣ ነው።