ሳሙና የተካው እንዶድ

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» ይላል ያገራችን ሰው። ለዚህ ምሳሌ እንዶድን የሚያህል ምስክር አይገኝም።

ዛሬ በአዳማ (ናዝሬት)፣ በሞጆም ሆነ በዝዋይ ልብስ የምታጥብ የቤት እመቤት ከሱቅ የምታስገዛው የፋብሪካ ሳሙና ነው። ዱቄቱን ሁሉ፣ የትም ይሠራ የት፣ በአንድ የንግድ ምልክት ስም «ኦሞ» ትለዋለች። አቅም ያለው ደግሞ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አስገብቷል። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን ነጭ ሸማ የሚጸዳው በእንዶድ ነበር። ኦሮሞው «ሀንዶዴ» የሚለው የዚህ ተክል ፍሬ ደርቆ ይወቀጥና በውሃ ሲበጠበጥ እንደ ሳሙና አረፋ ይደፍቃል። ሳሙና በየሱቁ ሲደረደር እንዶድን ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ወቅጦ የሚያጥብ እያነሰ ሄደ።

ይሁን እንጂ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። በሽታውን የሚያሳድገው ይኸው ቀንድ አውጣ ነው። ትሉ ከእርሱ ወጥቶ፣ ውሃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቈዳ ሰርስሮ ይገባል።

ነገሩ የዐድዋ ብቻ አይደለም። ከአዳማ አጠገብ በወንጂ፣ የስኳር ፋብሪካው በ1954 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የአዋሽ ውሃ በቦይ እየተመራ ሸንኮራውን አጠጥቷል። ቦዩ ለብዙ ሰው እንጀራ ሆነ፤ ቢልሃርዝያም በዚያው አካባቢ ተገኘ። ከቦይ ውሃ ገብታ ልብስ የምታጥብ ሴትና የሚዋኝ ልጅ ለበሽታው የተጋለጡ ናቸው።

ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ ወንዙ በእንዶድ ሲታከም ቆይቶ፣ በትንንሽ ልጆች ዘንድ የተያዙት ከመቶ 50 ወደ ከመቶ 7 ወረዱ። በ1989 ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያም በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዶድ የውሃ ቧንቧ የሚደፍኑ ዛጎላም ፍጥረታትን መግደሉን አይቶ የፈጠራ መብቱን በስሙ አስመዘገበ። እኛ ከአጥራችን የተውነውን ሌላው በመዝገብ አሰፈረው።

በአገራችን ግን ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ሲመጣ እንዶድ ዳግመኛ ወደ ኋላ ቀረ። ክኒኑ ሰውን ይፈውሳል፤ የተፈወሰው ሰው ግን ወደዚያው ውሃ ሲመለስ እንደገና ይያዛል። እንዶድም ነቀፋ የለበትም አይባልም፤ ዓሣን ጭምር ስለሚገድል በልክና በጥንቃቄ ካልሆነ ወደ ወንዝ አይጨመርም።

ስለዚህ ሳሙናችንን እንጣል አንልም። ነገር ግን የጤናና የእርሻ ሥራ የተሰጠህ ወጣት ሆይ፣ ዶክተር አክሊሉ ያን ነገር ያዩት ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን ቆም ብለው ስለ ተመለከቱ ነው። ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስትሄድ አያትህን፣ «እማማ፣ ሸማውን በምን ነበር የምታነጡት?» ብለህ ጠይቅ፤ የነገሩህንም በደብተርህ ጻፍ።