ለልጆች ተብሎ የተሠራው ቤት

ዛሬ የማስረዳችሁ በእንግሊዝ አገር ዋይት በምትባል ደሴት ላይ ስላለ ቤት ነው። ስሙ ኦዝቦርን ሃውስ ይባላል። እኔ ይህን ቤት ያወቅሁት ስለ ልዑል ዓለማየሁ ሳነብ ነው።

ቤቱ የንግሥት ቪክቶሪያ ነበር። ንግሥቲቱ ለንደን ውስጥ ቤተ መንግሥት ነበራቸው፤ ግን ከባለቤታቸው ከልዑል አልበርትና ከልጆቻቸው ጋር ጸጥ ብለው የሚያርፉበት ቤት ፈለጉ። ስለዚህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1845 እስከ 1851 አሠሩት። ንድፉን ያወጡት አልበርት ራሳቸው ከግንበኛው ከቶማስ ኩቢት ጋር ሆነው ነው።

አሠራሩ የጣሊያን ቤቶችን ይመስላል። ሁለት ረጃጅም ማማዎች አሉት። አንዱ ሰዓት አለው፤ ሌላው ባንዲራ የሚሰቀልበት ነው። ፎቶውን ስታዩት ግንቡ የድንጋይ ይመስላችኋል፤ ግን ጡብ ነው! ላዩን በሲሚንቶ ለስነው ነው ድንጋይ ያስመሰሉት።

የልጆቹ ክፍልስ የት ይመስላችኋል? ልክ ከእናትና አባታቸው ክፍሎች በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ደግሞ ለእነሱ ብቻ ትንሽ የእንጨት ቤት ተሠራላቸው። እዚያ ምግብ ማብሰል ይማሩ ነበር። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የአትክልት መደብ ነበራቸው፤ ያመረቱትንም አባታቸው በገበያ ዋጋ ይገዟቸው ነበር።

ታዲያ በ1868 ወደዚህ ቤት አንድ የ7 ዓመት ልጅ ከአገራችን መጣ። ዓለማየሁ ነው። በዚያው ዓመት አባቱ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሞተዋል። እናቱም እንግሊዞች ሲወስዷቸው መንገድ ላይ አረፉ። ንግሥቲቱ ልጁን ወደዱት፤ ስለ እሱም በማስታወሻቸው ጽፈዋል። ግን መውደድ ብቻውን እናትና አባት አይሆንም። ዓለማየሁ ከአንዱ አሳዳጊ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሲል ቆይቶ በ1879 ገና በ18 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው ዊንዘር ነው፤ አፅሙ ለአገሩ እንዲመለስ ኢትዮጵያ ብትጠይቅም እስከ አሁን አልተመለሰም።

ንግሥቲቱ በ1901 እዚሁ ቤት አረፉ። ከዚያ ልጃቸው ንጉሥ ኤድዋርድ ቤቱን ለሕዝብ ሰጡ። ዛሬ ጎብኚዎች ገብተው የልጆቹን ክፍልና የእንጨቷን ቤት ያያሉ። እኔም አንድ ቀን ብሄድ ደስ ይለኛል፤ ግን የማስበው ስለ ዘጠኙ የንግሥቲቱ ልጆች ብቻ አይሆንም። እንግዳ ሆኖ ስለገባው ስለ አሥረኛው ልጅም ነው።