በጎማ ላይ ያለ ቤት በአዋሽ ዳር

የቃሊቲ ሰው መንገድ አያጣም። ወደ ጂቡቲ የሚወርደው ከባድ መኪና በደጃችን ያልፋል፤ የቀድሞው ምድር ባቡርም አቃቂን ሳይረግጥ አይወርድም ነበር፤ የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሣውም ከዚሁ ከቱሉ ዲምቱ ነው። ይሁን እንጂ እኛ የሠፈሩ ሰዎች በዚያ መንገድ የምንሄደው ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ነው። ስለዚህ በ2016 ዓ.ም. የመንፈቁ ፈተና እንዳለቀ፣ እኔና ሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ፍራሽና ጀበና ጭነን ወደ አዋሽ ፓርክ ስንነሣ፣ አንዲት ጎረቤታችን ደንግጠው «ማን ሞተ?» ሲሉ ጠየቁን። ማንም አልሞተም፤ ሁለት ሌሊት በጸጥታ ልናድር ነው ብንላቸው ይበልጥ አዘኑልን።

በአሜሪካን አገር ይህ የተለመደ ነገር ነው። ሰዎቹ አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለበት መኪና እየነዱ ወደ ክፍለ ግዛቱ ፓርክ ይገባሉ፤ በተመደበላቸው ቦታ ያቆሙና ኤሌክትሪኩንና ውሃውን ከአጠገባቸው ቀጥለው ይቀመጣሉ። የእኛ መኪና ግን አንዱ ባልደረባችን ከአጎቱ የተዋሰው ሚኒባስ ነበር። የኋላ ወንበሮቹን ፈትተን አውጥተን፣ ፍራሽ አነጠፍንበት፤ ቡታጋዝ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ ዳቦና ቆሎ ጨመርንበት። ቤት ሆነ።

ደግሞስ ለእኛ ምን አዲስ ነገር አለው? «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ ከተመ፣ ማለትም ሠፈረ፣ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ነገሥታቱ ጎንደር እስኪቆረቆር ድረስ ለብዙ ዘመን ዋና ከተማቸው ድንኳናቸው ነበር፤ አዲስ አበባም ብትሆን ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ከወረደው ሠፈር የተወለደች ናት። በአዋሽ ፓርክም በጎማ ላይ የሚታደርበት ቤት ቀደም ብሎ ታይቷል፤ በከረዩ ስም የተጠራው ሎጅ ካራቫኖችን በገደሉ አፋፍ ደርድሮ እንግዳ ያሳድርባቸው ነበር። ከመስኮታቸው ቁልቁል የሚታየው አዋሽ ነው።

ከመተሐራ በፊት የበሰቃ ሐይቅን አለፍን። ይህ ሐይቅ ከአምሳ ዓመት በላይ እየሰፋ፣ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን ሲያስቸግር የኖረ ነው። ከዚያ በኋላ የፈንታሌ ተራራ፣ 2007 ሜትር ከፍታ ያለው እሳተ ገሞራ፣ በስተግራችን ቆመ። ፓርኩ በር ላይ ከፍለን ገባን፤ አንድ በዕድሜ የገፉ የከረዩ ሰው፣ የፓርኩ ጥበቃ፣ ከነጠመንጃቸው አብረውን እንዲያድሩ ተመደቡልን። በሜዳው ላይ የሳላ መንጋ ቀንዱን እንደ ጦር አቁሞ አየን፤ ወንዙ ዳር ባለው ጥላ ሥር ሚኒባሳችንን አቆምን።

የመጀመሪያውን ሌሊት መናገር አይቻለኝም። ፏፏቴው ከሩቅ ያጉረመርማል፤ ጅብ ይጮኻል፤ ከዚያ ምንም የለም። የከባድ መኪና ፍሬን የለመደ ጆሮዬ ዝምታው ከልክሎት እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት በሩን ከፍተን ፊታችንን ልንታጠብ ዘወር ስንል፣ ዝንጀሮዎች ገብተው ዳቦውን ሁሉ ይዘውት ሄዱ። ቆሎውን ንቀውት ተዉልን።

ቡና ሲፈላ ሽማግሌው፣ «እናንተስ ልጆቼ፣ ከወዴት ናችሁ?» አሉን።

«ከአቃቂ ነን፣ አባባ።»

«እንግዲያስ ከውሃችሁ ቀድማችሁ መጣችኋ!» ብለው ሣቁ።

እኔ አልሣቅሁም። የአቃቂ ወንዝ የከተማውንና የፋብሪካውን እድፍ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል ይገባል፤ ከዚያ ወጥቶ ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ቆላ አቤ ሐይቅ ላይ የሚያልቅ ወንዝ ነው። በየቀኑ አፍንጫዬን ይዤ በድልድዩ ላይ የማልፈው ውሃ፣ መንገዱ እንዲህ ረጅም መሆኑን በካርታ አስተምር ነበር እንጂ አስቤው አላውቅም።

ሽማግሌው ጣታቸውን ወደ ወንዙ ማዶ ዘርግተው፣ «አያቴ ከብቱን የሚያጠጣው እዚያ ነበር» አሉ። ይህን ሲሉ የቁጣ ድምፅ አልነበራቸውም። ፓርኩ በ1966 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ በ1969 በሕግ ሲጸና፣ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ለዱር አራዊት ተከለለ፤ በዚያው ዘመን የመተሐራ የሸንኮራ እርሻ የወንዙን ዳር ያዘ። ከረዩዎች ለበጋ የሚያቆዩት ግጦሽ ከሁለት ወገን ተቆረጠባቸው። በድርቅ ጊዜ ከብት ወደ ፓርኩ የሚገባው ስለዚህ ነው፤ እሳቸውም በደመወዝ የሚከለክሉት የገዛ ዘመዶቻቸውን ከብት ነው። አራዊቱ አይጠበቁ አልልም፤ ሳላዎቹን ካየሁ በኋላ እንዴት እላለሁ? ነገር ግን ያን ሌሊት የተኛሁበት ጸጥታ ባለቤት እንዳለው ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም።

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ ተንቀጠቀጠች፤ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ወጣ። አንድ ሌሊት ቃሊቲ ቤቴ ውስጥ አምፖሉ ሲወዛወዝ ባየሁ ጊዜ ለሽማግሌው ስልክ ደወልሁ። ቤተሰባቸው ደኅና መሆኑን፣ ቤቱ ተሰንጥቆ በሸራ ሥር እንደሚያድሩ ነገሩኝ። ቀጥለውም፣

«ያ ቤት የሆነው መኪናችሁስ አለ ወይ?» አሉኝ።

ወንበሮቹ ተመልሰው ታስረውበት፣ ከቃሊቲ ሳሪስ ሰው እያመላለሰ ነው አልኋቸው።