ከጥረዛ በፊት የሚወጡት ገጾች

ጠጋ በሉ። ድምፄን ዝቅ ላድርግ፣ በር ላይ ተማሪ ቆሟል።

ካፋ፣ ቦንጋ ውስጥ ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒና ጥረዛ ቤት አለኝ። ሰፈሩን አልነግራችሁም። ደንበኞቼ የየትኛው ግቢ ልጆች እንደሆኑም አትጠይቁኝ፤ እንጀራዬ ነው። አንድ ነገር ግን እወቁልኝ። መምህሩ የሚያየው የተጠረዘውን ነው። እኔ የማየው ሳይጠረዝ ነው። የሁለቱ ልዩነት... ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

ወሬዬ ስለ አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ ነው። ስለ አገር ደህንነትና ስለ አደጋ ቅድመ ዝግጁነት የሚማሩ ልጆች በቡድን የሚሠሩት የሲናሪዮ ፕሮጀክት አለ። ነገ ምን ሊመጣ ይችላል፣ ከመጣስ ማን ምን ያደርጋል የሚለውን በየመልኩ አስበው ይጽፋሉ። ርእሱ ሲያስፈራ! «ስትራቴጂያዊ»፣ «የተቀናጀ»፣ «ዘላቂ» የማይል ሽፋን እስካሁን አልጠረዝኩም። አንዳንዱ ሽፋን ላይ ደግሞ መነጽር ያጠለቀ ወታደር አለ፤ ከኋላው በረዶ የለበሰ ከተማ። ካፋ ላይ በረዶ! ከኢንተርኔት ሲያወርዱት ከኋላ ያለውን ማን አየ።

ሴሚስተር ሙሉ የተለፋበት ይመስላችኋል አይደል? እንግዲያው በማስረከቢያው ዋዜማ ማታ ኑና እዩ። ምዕራፍ አንድ በፍላሽ ይመጣል፣ ምዕራፍ ሦስት በቴሌግራም። አራተኛው ገና እየተጻፈ ነው፣ እኔው አግዳሚ ወንበር ላይ። ልንጠርዝ ስንል ስልክ ይጠራል። «ስሜ ገብቷል አይደል?» ይላል አንዱ። ልጁን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ስሙን ግን እስከ አያቱ አውቀዋለሁ።

ምዕራፍ ሁለትንማ በቃሌ እወጣዋለሁ። ኸርማን ካን የተባለ አሜሪካዊ ራንድ በሚሉት የጥናት ተቋም ተቀምጦ የኒውክሌር ጦርነት ቢነሳ ምን ይከተላል ብሎ አሰበ። ከዚያ ፒየር ዋክ የሚባል ፈረንሳዊ ዘዴውን ሼል ነዳጅ ኩባንያ ውስጥ አስገባው። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲተኮስ ሼል ቀድሞ አስቦበት ነበር። ነጥብ። ቡድን በመጣ ቁጥር ይሄ አንቀጽ አብሮ ይመጣል፣ ከነፊደል ግድፈቱ። አርሜ እሰጣቸዋለሁ፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር ያልታረመው ተመልሶ ይመጣል።

የሚዘሉትን ደግሞ ልንገራችሁ? እዚሁ አገራችን የተሠራውን። ኅዳር 2012 ዓ.ም. ላይ ዴስቲኒ ኢትዮጵያ የሚባለው ስብስብ ከየጎራው የተመረጡ 50 ሰዎች የመከሩበትን አራት ሲናሪዮ አዲስ አበባ ላይ ይፋ አደረገ። ዘዴው አዳም ካሄን የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992 ደቡብ አፍሪካ ሞንት ፍሉር ላይ ከአፓርታይድ ማብቂያ በፊት የሠራበት ነው። የኛዎቹን ስም ስሙልኝ፦ ንጋት፣ አፄ በጉልበቱ፣ ሰባራ ወንበር፣ የፉክክር ቤት። የመጨረሻውን ስትሰሙ ተረቱ ራሱ አልመጣባችሁም? ሳይዘጋ የሚያድረው ቤት። በቃ፣ አንድ ገጽ ማብራሪያ ቀረ።

ታዲያ ልጆቹ ለምን ይዘሉታል? ስም ስለሚናከስ ነዋ! ስም ያለው ሲናሪዮ ላይ ፈታኙ «አፄ በጉልበቱ ያላችሁት ማንን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ «ሲናሪዮ ሀ፣ ሲናሪዮ ለ፣ ሲናሪዮ ሐ» ይሆናል። ጥሩ፣ መካከለኛ፣ መጥፎ። መካከለኛው ምንጊዜም ያሸንፋል። የመሆን እድሉ 60 በመቶ ነው፣ ሌሎቹ 30 እና 10። ከየት መጣ ብላችሁ ታስባላችሁ? ከዚያው ከአግዳሚ ወንበሬ። ድምሩ መቶ ከሞላ ማንም አይጠይቅም።

መግቢያው ላይ የካፋ ነገሥታት ታሪክ አይቀርም። እሱን እኔም እወደዋለሁ። መንግሥቱ ዳር ድንበሩን በጥልቅ ቦይና በአጥር አጥሮ፣ መግቢያ መውጫውን በኬላ ይጠብቅ እንደነበር ይጽፋሉ። የአገር ደህንነት ሥራ ካፋ ላይ አዲስ አይደለም ለማለት ነው፤ ሐቅ ነው። ግን እዚያው ያቆማሉ። እ.ኤ.አ. በ1897 ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ የተያዙት ያ ሁሉ ቦይ እያለ ነው። ቦዩ ለለመዱት ጠላት ተቆፍሮ ነበር፣ የመጣው ግን ጠመንጃ የታጠቀ የምኒልክ ሠራዊት ነው። ለአንድ ሲናሪዮ ብቻ ለመዘጋጀት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ከየት ይመጣል? ደጃቸው ያለውን ትተው ሼል ጋ ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ዋናው ምስጢር። እንዳትነግሩብኝ።

ጥረዛ ላይ የመጨረሻው ክርክር የገንዘብ ነው። ገጽ በገንዘብ ነው የሚታተመው። ልጆቹ አዋጥተው የያዙት ብር አይበቃም፣ ስለዚህ የሆነ ገጽ መውጣት አለበት። ምዕራፍ ሁለት እንዳይወጣ ምሁራዊ ነው። ሽፋኑና ምስጋናው አይነኩም። የሚወጣው አባሪው ነው! አባሪው ውስጥ ያለው ምን መሰላችሁ? ልጆቹ ቀበሌ ወርደው፣ መናኸሪያ ቆመው፣ ጤና ኬላ ተቀምጠው ከሰው አፍ የጻፉት። የየቡድኑ ፍሬ ነገር ከመደርደሪያዬ ሥር ካርቶን ውስጥ ነው ያለው። ጀርባው ባዶ ስለሆነ ለሙከራ ማተሚያ ይሆነኛል። ሥራ ሲቀዘቅዝ አወጣና አነባለሁ።

ከጎፋው አደጋ ወዲህ የመሬት መንሸራተት የሌለበት ፕሮጀክት አልጠረዝኩም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ገዜ ጎፋ፣ ከንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። በተጠረዘው ላይ የምታገኙት ይሄንኑ ነው፤ ከሥሩ «የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ሊጠናከር ይገባል» የሚል አለ። ትክክል ነው፣ ማን ይቃወማል። ግን መሬቱ ሁለት ጊዜ ነው የተናደው። መጀመሪያ ቤቶች ተቀበሩ። ጎረቤት ሊያወጣቸው ሮጦ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ መጥቶ ረዳቶቹን ቀበራቸው።

አንድ ቡድን ይሄን ይዞ የካፋን ገጠር ጠይቋል። የቅዳሜና እሑድ ተማሪዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ወረዳ ላይ የሚሠሩ፣ ጭቃ የሚያውቁ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር። እናንተ ጋ ቢናድ ማን ሰውን ያስቆማል? መልሱን በእስክሪብቶ ጽፈውታል። ኡኡታ ሲሰማ ሁሉ ይሮጣል፣ ያልሮጠ ሰው አይባልም፣ ለቅሶም አይደረስለትም። ቀበሌው የማስጠንቀቂያ ድምፅ አለው ወይ ሲባልም ያው ኡኡታው ነው። አያችሁልኝ? «ሽሹ» የሚለውም «ኑ» የሚለውም አንድ ጩኸት ነው። አንድ ሽማግሌ ታዲያ መፍትሔ ሰጥተዋቸዋል፤ ሩጫው አይከለከልም፣ ግን ሁለት ሰው ዳገቱን ብቻ እያየ ይቁም፣ እነሱ ሲጮኹ የሚቆፍረው ሁሉ ይውጣ። በጀት አይጠይቅ፣ ሥልጠና አይጠይቅ።

ወጣ። ገጽ በዛ ተብሎ። በቦታው ለፓወር ፖይንቱ ማሳመሪያ ባለቀለም ህትመት ተከፈለልኝ። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ምን እላለሁ?

ከካርቶኑ ሌላም አለ። ወባ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኛ ተመዝግቧል፣ የኛው ደቡብ ምዕራብ ክልል ክፉኛ ከተመቱት አንዱ ነበር። ይሄ በተጠረዘው ላይ አለ። አባሪው ላይ ያለው ግን የአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቃል ነው። ሳምንታዊ ሪፖርቷን የምትልከው ኔትወርክ ወዳለበት ዳገት ወጥታ ነው፣ ዝናብ ሲበረታ ሪፖርቱ ይዘገያል፣ ወባው የሚበረታው ደግሞ ዝናቡን ተከትሎ ነው። በጂማ መንገድ የሚመላለስ ሹፌርም መንገዱ መቼና የት እንደሚቆረጥ ከማንም ቀድሞ ያውቃል፤ ማንም ጠይቆት አያውቅም እንጂ። ይሄው ነው። የካፋ የስጋት ካርታ ተጨርሶ ተቀምጧል፣ ጀርባው ላይ ግን የሰው ሲቪ ታትሞበታል።

ቡናውንማ ተዉት! የቡና መገኛ ላይ ተቀምጠን፣ ጫካችን ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቦ፣ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ከተማችን ውስጥ ቆሞ፣ ልጆቹ ቡናን የሚጽፉት ከለንደን ነው። አሮን ዴቪስና ታደሰ ወልደማርያም ጎሌ የተሳተፉበት እ.ኤ.አ. የ2012ቱ፣ ኪው የሚባለው የለንደን የእጽዋት ተቋም ጥናት፣ ዱር በቀል ቡና የሚስማማው ቦታ እ.ኤ.አ. እስከ 2080 ድረስ ከ65 በመቶ እስከ 99.7 በመቶ ሊጠፋ ይችላል ብሏል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፣ ስለዚህ ይወዱታል። በደማቅ ፊደል አድርጊልን ይሉኛል። እ.ኤ.አ. የ2017ቱን ጥናት ግን ማንም አያመጣልኝም። እዚያ ላይ ቡናው ወደ ደጋው ከፍ ከተደረገና ጫካው ከተጠበቀና ከተተከለ ተስማሚው መሬት እንዲያውም በአራት እጥፍ ሊሰፋ ይችላል ይላል። ይሄኛው ሥራ ያመጣላ! የማን መሬት ላይ ይተከል፣ ደጋው ላይ እንሰት ያለው ገበሬ ምን ይበል? እሱን ለመጻፍ አዲዮ ወረዳ ድረስ መሄድ ይጠይቃል። ጥፋትን መጻፍ ግን ከወንበር ሳይነሱ ይቻላል።

የመጨረሻው ገጽ ላይ «የአስቸኳይ ጊዜ ስልክ ቁጥሮች» የሚል ሠንጠረዥ አለ። ይሄም ይወረሳል። ካለፈው ቡድን ሶፍት ኮፒ ይቀዳል፣ ቀኑ ይቀየራል፣ አለቀ። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ክልሉ ከተመሠረተና ቦንጋ ከመቀመጫዎቹ አንዷ ከሆነች በኋላ ስንቱ ቢሮ ቦታ ቀየረ፣ ስንቱ ኃላፊ ተዛወረ። ሠንጠረዡ ግን ንቅንቅ አላለም።

አንዲት ልጅ ግን ነበረች፣ ዝም ያለች፣ መነጽር የምታደርግ። «ቆይ፣ አታትሚው» አለችኝና ተቀምጣ አንድ በአንድ ደወለች። አንዱ «ከዚያ ሥራ ከወጣሁ ቆየሁ፣ የኔ እህት» አላት። አንዱ የጸጉር ቤት ሆኖ ተገኘ። አንዱ ጭራሽ ወቀሳት፣ ለምን በእሑድ ትደውያለሽ ብሎ፤ እሷም ጎርፉ እሑድን ያከብራል ወይ አለችው። ትክክለኛ ሆነው ያገኘቻቸውን ብቻ አስቀርታ ሌላውን በእስክሪብቶ እየሰረዘች አዲሱን ከጎኑ ጻፈች። ድጋሚ ላትምላት ሰዓት የለም፣ እንደዚያው ተጠረዘ።

ንጽሕና ላይ ነጥብ ተቀነሰባቸው። የቡድኑ ልጆች አኮረፏት፣ ስሙ ብቻ የሚታወቀውም ልጅ ጭምር።

እኔ ያቺን ገጽ ሳትጠረዝ አንድ ትርፍ ኮፒ አንስቻት ነበር። ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፌያታለሁ። መጀመሪያ አንድ ባጃጅ ነጂ አየና በስልኩ ፎቶ አነሳት። ቀጥሎ የጤና ጣቢያ ሰው መጥቶ ሁለት ቁጥር አረመልኝ፣ እሱም በእስክሪብቶ። አሁን ለመታወቂያ ፎቶ ኮፒ የመጣው ሁሉ እሷንም አንሺልኝ ይለኛል። በነጻ ነው። መታወቂያው ግን ይከፈልበታል።